ቡናውና ሽያጩ አንድ ክፍል አይዋሉ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ሜሪላንድ ከምትኖር አንባቢ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነቷን የሚጠቁመውንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ነው። ቀን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የእጅ ሥራ እሠራለሁ። በኪሮሽ የክር ዱባ፣ የበር ላይ ጉንጉን፣ አንዳንዴም ሻማ። ከሁሉ የምወደው ግን እናቴ ያስተማረችኝ ስፌት ነው። እዚህ ስንደዶና አክርማ ስለማላገኝ ራፊያ በሚባል የዘንባባ ቅጠል ክር እየሰፋሁ፣ ልጆች ሃሎዊን ላይ ከረሜላ የሚሰበስቡበት ብርቱካናማና ጥቁር ሙዳይ ጀምሬያለሁ፤ ክዳኑ እየተጣመመ ቢያስቸግረኝም። በ2026 ሃሎዊን ቅዳሜ ስለሚውል፣ የዚያን ዕለት ማታ ቤቴን አስጊጬ ጎረቤቶቼን፣ የሥራ ባልደረቦቼንና አበሻ ጓደኞቼን ጠርቼ ልሸጥ አስቤ ነበር። ባለቤቴ ‹እንግዳ ጠርቶ መሸጥ ነውር ነው› ይላል። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ‹የሰይጣን በዓል እኔ ባለሁበት ቤት አይከበርም› ብላ አኩርፋለች። እኔም ራሴ ዋጋ ልጥራ ስል ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሊት ሠርቶ የመጣ ሰው ቀን ተቀምጦ ሙዳይ የሚሰፋው ገንዘብ ፍለጋ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ስለዚህ «ተዪው» ልልሽ አልችልም። ግን እንዳሰብሽው ብታደርጊው የምትጎጂ ይመስለኛልና ብዙውን ነገር ቦታውን እናቀያይረው።

ከቀኑ ልጀምር። ኦክቶበር 31 ማታ አይሆንም። የዚያን ምሽት ልትጠሪያቸው ያሰብሻቸው እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን አልብሰው ከቤት ቤት እየዞሩ ነው። ልጅ የሌላቸውም ቢሆኑ ከረሜላ ይዘው በራቸው ላይ ናቸው። የራስሽ ልጆችስ? እናታቸው ሳሎን ቆማ ሂሳብ ስትቀበል ማን ይዟቸው ይወጣል? ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዕቃው ነው። የሃሎዊን ጌጥ በሃሎዊን ማታ የሚገዛ ሰው የሚጠቀምበት ለሦስት ሰዓት ነው፤ በማግስቱ ወደ ሣጥን ይገባል። ሰው በሩን የሚያስጌጠው ኦክቶበር ሲገባ ነው። ዱባሽን ያኔ የገዛች ሴት ወሩን ሙሉ በደጇ ታየዋለች፤ ጎረቤቷም «ከየት አመጣሽው?» ይላታል። ይህቺ ጥያቄ ለአንቺ ከሽያጩ አትተናነስም።

ስለዚህ ቅዳሜ ኦክቶበር 3ን ያዢው። መስቀል ካለፈ ሳምንት ሊሆነው ነው፤ የሰው ቤት ከበዓል ድካም ወጥቷል። የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 10፣ ሰኞው የኮሎምበስ ቀን ስለሆነ ብዙ ሰው ረጅሙን የዕረፍት ቀን ይዞ ከከተማ ይወጣል። ሰዓቱም ማታ አይሁን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በቂ ነው። የክርና የስፌት ቀለም በቀን ብርሃን ነው የሚታየው፤ በአምፑል ሥር ብርቱካናማውም ቡናማውም አንድ ይሆናል። አንቺም የሌሊት ሠራተኛ ነሽና ከፓርቲው በፊት ባለው ሌሊት ፈቃድ ውሰጂ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዋጋ ሲጠራ ወይ ይቆጣል ወይ ይሰጣል።

ለእናትሽ ጉዳይ ደግሞ ቀኑ ብቻውን ግማሹን ይፈታዋል። የ2026ቱ ኦክቶበር 31 በኛ አቆጣጠር ምን እንደሆነ አይተሻል? ጥቅምት 21 ነው፤ ማርያም። እናትሽ ያኮረፉት በጠቅላላው «ሃሎዊን» በሚለው ስም ይሁን፣ በዚያ ቀን አጽምና የሸረሪት ድር ቤታቸው ሲሰቀል እየታያቸው ይሁን አላውቅም። አንቺም የጠየቅሻቸው አይመስለኝም። ጠይቂያቸው። ሰው ያኮረፈበትን ምክንያት ሳያውቁ ማባበል ቁስሉን ሳያዩ መድኃኒት መቀባት ነው።

ታሪኩንም ብታጫውቻቸው ይጠቅማል፤ ለመከራከር ሳይሆን እንዲያውቁት። ሃሎዊን የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ምዕራባውያን ኖቬምበር 1 ቀን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ብለው ያከብራሉ፤ ሃሎዊን ማለት የዚያ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ከዚያ በስተጀርባ ደግሞ የአየርላንድና የስኮትላንድ ጥንታዊ ሕዝቦች መከር ሲያበቃና ክረምት ሲገባ የሚያከብሩት ሳዊን የሚባል በዓል አለ፤ የሙታን መናፍስት በዚያች ሌሊት ይመላለሳሉ ይባል ነበር። አጽሙና መንፈሱ ከዚያ የተረፈ ነው ይባላል። ዱባው እንኳ ኋላ የመጣ ነው። አየርላንዶች ፊት እየቀረጹ መብራት የሚያኖሩት እንደ ቀይ ሥር ድቡልቡል በሆነው ተርኒፕ ላይ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ግን ትልቁንና ለመቅረጽ የሚቀለውን ዱባ አገኙ። እንግዲህ እናትሽ የሚሉት ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፤ የሙታን መናፍስት ነገር አለበት። አንቺ የምትሠሪው ዱባም የመከር ምልክት ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

እኔ የምመክርሽ አጽሙን፣ ጠንቋዩንና ደም የሚመስለውን ሁሉ ትተሽ መከሩን እንድትይዢ ነው። ዱባ፣ የበቆሎ እሸት፣ የረገፈ ቅጠል፣ ጉጉት፣ ጨረቃ፣ ብርቱካናማና ጥቁር ቀለም። እንግዳሽ በሩን ሲያልፍ የሃሎዊን ወቅት መሆኑን ከዚህ ወዲያ የሚነግረው አያስፈልግም። ይህንን የምልሽ እናትሽን ለማስደሰት ብቻ አይደለም። በንግድም ያዋጣል። መንፈስ የሠራሽበት ክር ኖቬምበር 1 ቀን ዋጋው ይወድቃል። ነጭ፣ ቢጫማና ቡናማ ዱባ ግን እስከ ታንክስጊቪንግ (የምስጋና ቀን)፣ ማለትም እስከ ኖቬምበር 26 ድረስ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ከአሥር ዱባ ሦስቱን ብርቱካናማ፣ ሰባቱን ለስለስ ባለ ቀለም ሥሪ። ገዢዋ ይህን ባትናገረውም ሆዷ ያሰላዋል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። «ነውር ነው» ያለው በከፊል እውነት ስለሆነ እንዳትንቂው።

ከዓመታት በፊት እኔም የጠለፍኳቸውን የጠረጴዛ ልብሶች ቤቴ ሸጫለሁ። ወዳጆቼን ቡና ጠጡ ብዬ ጠራሁ። አቦሉ ተቀድቶ ሲያበቃ ጨርቆቹን አውጥቼ መሐላቸው ዘረጋሁ። የመጣው ሁሉ ገዛ፤ አንድም ባዶ እጁን የወጣ የለም። ያን ሌሊት ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዓመቱ ስጠራ ግን ሦስት ሰው ብቻ መጣ፤ ሌላው አንዱ ታሟል፣ አንዱ መንገድ ላይ ነው፣ አንዱ ስልኩን አያነሳም። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንዲት ወዳጄ ቤት ሄጄ ብርድ ልብስ ላውጣላት ቁም ሣጥኗን ስከፍት የሸጥኩላት ጨርቅ እንደታጠፈ አገኘሁት፤ ዋጋውን የጻፍኩባት ትንሽ ወረቀት በክሯ እንደተንጠለጠለች ነበረች። እሷም ምንም አላለችኝ፣ እኔም ምንም አላልኳት። የሸጥኩላት ጨርቅ አልነበረም፤ ይሉኝታዋን ነበር ያስከፈልኳት።

የቤት ውስጥ ሽያጭ ዋናው አደጋ ይኸው ነው። አሜሪካኖቹ ይህን ሥራ ያስለመዱት በፕላስቲክ ሳህን ነበር። ታፐርዌር የተባለው ድርጅት በ1951 ዕቃውን ከሱቅ አውጥቶ በቤት ፓርቲ ብቻ መሸጥ ጀመረ፤ ሥራውን የመራችው ብራውኒ ዋይዝ የምትባል ሴት በ1954 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ለመውጣት የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ሳህኑ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አይሸጥም ነበር፤ ክዳኑ አየር አስወጥቶ እንዴት እንደሚገጥም ሰው አላወቀበትም። ቤት ውስጥ አንዷ ሴት ከፍታ ገጥማ፣ ገልብጣ ስታሳይ ግን ተገዛ። በእርግጥ ጓደኛ የጠራው ፓርቲ ስለሆነ ይሉኝታውም አብሮ ሠርቷል። አንቺ ማሳየቱን ውሰጂና ይሉኝታውን ተዪ።

እንዴት ይተዋል ካልሽኝ፣ ከግብዣው ይጀምራል። ሽያጭ መሆኑን ሳይደብቁ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይወቀው። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ቅዳሜ ኦክቶበር 3 ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በእጄ የሠራኋቸውን የመከር ወቅት ጌጣጌጦች ቤቴ ለሽያጭ አቀርባለሁ። ዋጋው ከ14 እስከ 81 ዶላር ነው። ለማየት ብቻም ኑ፤ ቡና አለ።» አለቀ። ሰዓቱን ለአበሻ ላልሆኑት በእነሱ አቆጣጠር ከ2 እስከ 5 ብለሽ መጻፍ እንዳትረሺ። ዋጋውን ግብዣው ላይ ማስፈር ድፍረት ይመስልሻል፤ ነገር ግን ለእንግዳው ትልቅ አክብሮት ነው። 81 ዶላር የሌለው ሰው በአነስተኛው ዋጋ የሚገዛው ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ምንም የሌለው ደግሞ ለማየት መጠራቱን ያውቃል። ለቤተሰብ፣ ለክርስትና እናትና ለቅርብ ጓደኛም ሌላ ግብዣ አይጻፍ፤ ሁሉም ያንኑ ያግኝ።

ከዚያ ቤቱ። ቡናውና ሽያጩ አንድ ክፍል አይዋሉ። ዕቃው ሳሎን ይደርደር፤ ቡናው መመገቢያ ክፍል ወይም ወጥ ቤት ይሁን። ከውጭ የገባ ሰው ቀጥታ ወደ ቡናው መሄድ የሚችልበት መተላለፊያ ይኑር፤ ጠረጴዛሽን ሳያልፍ መግባት እንዳይቸግረው። የቡናው ረከቦት ያለበት ክፍል ውስጥ ዋጋ አይጠራም፣ ገንዘብ አይቆጠርም፣ «ያቺን አየሻት?» አይባልም። ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው፤ ነውሩ መሸጡ ሳይሆን ቡና ብሎ ጠርቶ መሸጡ እንደነበር። ምናልባት ቡናው ክፍል ተቀምጦ እንግዳ የሚያጫውተው እሱ ይሆናል። ነውርን የሚፈራ ሰው እንግዳ አያያዝ ያውቅበታል።

ገንዘብ ተቀባዩም አንቺ አትሁኚ። አንዲት ልጅ እግር የእህት ልጅ ወይም የታመነች ጓደኛ ከበሩ ራቅ ባለ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ። ዜልና ካሽ አፕ በሚባሉት የስልክ ገንዘብ መላኪያዎች ለመክፈል የሚቃኘውን ምልክት አትማችሁ ለጥፉ፤ የዝርዝር ገንዘብም አዘጋጁ። አንቺ የዕቃው ባለቤት ነሽና ሥራሽ ስለ ዕቃው ማውራት ብቻ ነው። ምላስሽ የሚተሳሰረው ዋጋ ስትጠሪ ነው አይደል? እንግዲያው አትጥሪ። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋው ተጽፎ ይንጠልጠል። «ለኔስ ስንት ነው?» የሚልሽ ዘመድ አይጠፋም። «ላንቺማ ከቡናው ሦስቱንም እስከ በረካ ነው» ብለሽ ስቀሽ እለፊው፤ ዋጋው ግን የተጻፈው ነው። ለአንዱ ከቀነስሽ ማታ ሳይደርስ ሁሉም ይሰማዋል፤ ሙሉ የከፈለችው ይከፋታል።

አሁን ዋጋውን እንሥራው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ራሳችንን እንበድላለንና። የጉልበትሽን ሰዓት ዜሮ ብለሽ አትቁጠሪ። በሜሪላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ ከዚያ በታች ለራስሽ አትክፈዪ። የክር ዱባ 40 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ 10 ዶላር ጉልበት ነው። ክሩና መሙያው 2 ዶላር፣ ወረቀቱና ከረጢቱ 1 ዶላር፣ በጠቅላላው 13። ስለዚህ 14 ብለሽ ጻፊ። የበር ጉንጉን ሁለት ሰዓት ከወሰደብሽ 30 ዶላር ጉልበት፣ 12 ዶላር ዕቃ፣ በጠቅላላው 42፤ 45 ብለሽ ጻፊ። ሙዳዩ ግን አምስት ሰዓት ከፈጀ 75 ዶላር ጉልበት ነው፤ ራፊያና ገመዱ 6 ሲጨመርበት 81 ይሆናል።

በ81 ዶላር የልጅ ከረሜላ መሰብሰቢያ የሚገዛ ሰው የለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ መግዛትም የለበትም። የስድስት ዓመት ልጅ ዝናብ ላይ እየጎተተው አንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ሌላም ነገር አለ። ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ተብሎ የተሠራ ዕቃ በዚህ አገር በ2008 በወጣ የምርት ደህንነት ሕግ ሥር ይወድቃል፤ የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) መጠን ገደብ፣ ምርመራ፣ መለያ ምልክት የሚባሉ ነገሮች አሉበት። ለትንንሽ አምራቾች አንዳንድ ማቅለያ ቢኖርም የእርሳሱ ገደብ ግን ማንንም አይምርም። የክር አሻንጉሊት ላይ ቁልፍ ዓይን ሰፍተሽ መሸጥም እንዲሁ ነው፤ ሕፃን ነቅሎ ይውጠዋል። «ለጌጥ ነው» ብለሽ ብትጽፊበት መጫወቻ የሚመስል ነገር መጫወቻ ነው። አሻንጉሊቱን ለጊዜው ተዪው።

ሙዳዩን ግን አትተዪው። ገዢውን ቀይሪለት። ልጁ የሚይዘው ሳይሆን እናትየው በር ላይ ከረሜላ የምታቀርብበት ይሁን። በሩ ሲንኳኳ ክዳኑ ይከፈታል፣ ልጆቹ እጃቸውን ይሰዳሉ። ከኦክቶበር 31 በኋላ ለውዝ ያዝ፣ ጌጣጌጥ ያዝ፣ ቁልፍ ያዝ፤ ዓመቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይውላል። ለዚህ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ብርቱካናማና ጥቁር አይሁን። መደቡ የራፊያው የራሱ ቀለም ሆኖ ወገቡ ላይ አንድ የብርቱካን ቀለበት፣ ከሥሩ ጥቁር ጥርስ ይዙረው። ሃሎዊን ለሚያከብር ሃሎዊን ነው፤ ለሌላው መሶብ የሚመስል የሚያምር ሙዳይ ነው።

ትልልቆቹን ሦስት ብቻ ሰፍተሽ አቅርቢ። የሚሸጡ ከሆነ ደግ፤ ዋና ሥራቸው ግን መታየት ነው። አጠገባቸው የትእዛዝ ደብተር ይቀመጥ፤ ግማሹን ቀብድ ተቀበይ። ከኦክቶበር 3 እስከ 31 አራት ሳምንት አለሽ፤ በሳምንት ሁለት ብትሰፊ ስምንት ትእዛዝ ነው። ዘጠነኛው ሲመጣ «ለገና አደርስልሻለሁ» በዪ፤ ለሃሎዊን ብለሽ አትቀበይ። የሌሊት ፈረቃና አሥር ሙዳይ አንድ ላይ አይሄዱም። ከትልልቆቹ ጎን በሰዓት ተኩል የሚያልቁ መዳፍ የሚያክሉ ክዳን አልባዎች ሥሪ፤ በ25 ዶላር ይሄዳሉ። ከሙዳዩ ጋር ፍቅር ይዞት ዋጋው የከበደው ሰው እጁን ወደ እነሱ ይዘረጋል።

ከፊልምና ከካርቱን የተወሰዱ ገጸ ባሕርያትን አትሥሪ። ባለቤት አላቸው፤ ዱባና ጉጉት ባለቤት የላቸውም።

የመንግሥቱን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው። በሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው፤ ከመሸጥሽ በፊት ኮምፕትሮለር ከሚባለው የግዛቱ ግብር ሰብሳቢ ቢሮ የሽያጭ ታክስ ፈቃድ አውጪ። ባለ 14 ዶላሩ ዱባ ሲከፈል 14 ከ84 ሳንቲም ይሆናል፤ ያቺ 84 ሳንቲም ያንቺ አይደለችምና ለየብቻ መዝግቢያት። ወጪሽን ሁሉ ቀንሰሽ የዓመቱ ትርፍሽ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ለፌዴራሉም የግል ሥራ ታክስ ታሳውቂያለሽ። የክሩን ደረሰኝ ዛሬውኑ መሰብሰብ ጀምሪ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ወይም የሰፈር ማኅበር ካለው፣ ቤት ውስጥ መሸጥን የሚከለክል አንቀጽ እንዳለ ውሉን አንብቢ። የቤት ኢንሹራንስሽም ለሽያጭ የመጣ እንግዳ ቢወድቅ ይሸፍን እንደሆነ በስልክ ጠይቂ።

እሳት ላይ ግን አትቸኩዪ። የመከር ጌጥ ማለት የደረቀ ቅጠልና የበቆሎ አገዳ ማለት ነው፤ ራፊያም ያው የደረቀ የዘንባባ ቅጠል ነው። የበራ ሻማ ከሚቃጠል ነገር ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ይባላል። ሕፃናት በሚሯሯጡበት፣ ሴቱ ነጠላ በለበሰበት ቤት ይህም አይበቃም። ለጌጥ በባትሪ የሚሠራውን አድርጊ። የምትሸጪያቸውን ሻማዎች ለማሳየት አንዱን ብቻ ወጥ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ሰው እያየው አብሪ። የቡናው ከሰልና ዕጣንም ከዕቃው ክፍል እንዲርቅ ያደረግሁት ለነውሩ ብቻ አልነበረም። ክር ጭስ ይጠጣል፤ ዕጣን የማይወድ ጎረቤት ደግሞ ዱባውን አሽቶ ይመልሰዋል።

ምግቡን አታብዢ። የአፕል ጭማቂ፣ ዳቦ፣ ፈንዲሻ በቂ ነው። ለውዝ ያለበት ነገር ካለ ላዩ ላይ ጻፊበት፤ የባልደረቦችሽ ልጆች አለርጂ ሊኖርባቸው ይችላል። ፓርቲውን ኦክቶበር 6 ወይም ከዚያ በኋላ የምታደርጊው ከሆነ ጾመ ጽጌ ገብቷል። የፈቃድ ጾም ቢሆንም ከጓደኞችሽ የሚጾም አይጠፋምና ቅቤና እንቁላል የሌለበትን ዳቦ ለይተሽ አስቀምጪ። ለልጆቹ ጥግ ላይ ትንንሽ እውነተኛ ዱባና ቀለም አቅርቢላቸው፤ ቢላ ሳይነኩ ይቀቡ። ልጁ ሥራ ከያዘ እናቱ ተረጋግታ ታያለች።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ልነግርሽ ወደፈለግሁት ልመለስ። ታፐርዌር የተሸጠው አንዲት ሴት ክዳን ገጥማ ስላሳየች ነው ብዬሻለሁ። ያንቺ ቤት ውስጥ ደግሞ ወስፌ ይዘው ቢቀመጡ ሰው ከዙሪያቸው የማይለይ እናት አሉ። አሜሪካዊ ጎረቤትሽ 81 ዶላር የሚለውን ወረቀት አይቶ ቅንድቡን ያነሳ ይሆናል። እሳቸው አንዱን ዙር ለመዞር ስንት ጊዜ ወስፌ እንደሚወጉ ቁጭ ብሎ አምስት ደቂቃ ካየ ግን ዋጋውን ራሱ ያስረዳል። ለዚህ እሺ የሚሉት ግን ሳሎኑ ውስጥ አጽም ካልተሰቀለ፣ ቀኑም የማርያም ካልሆነ ነው። እሺ ካላሉም ይቅር። ክፍላቸው ገብተው በራቸውን ዘግተው የሚውሉበት ፓርቲ ግን አታድርጊ፤ ቤቱ የእሳቸውም ነው። ከሰፉልሽ ደግሞ የሰዓታቸውን 15 ዶላር ቆጥረሽ በፖስታ ስጫቸው። አልቀበልም ይሉሻል፤ ትራሳቸው ሥር አድርጊው።

ዛሬ ማታ ስለ ፓርቲው ምንም አትንገሪያቸው። የተጣመመውን ክዳን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪና ምኑ ጋ እንዳጠበቅሽው ጠይቂያቸው።